ሳያንኳኳ የገባው

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ ልመስክር ብዬ ነው የተነሳሁት። ወንድም ታደለ "እማማ ጥሩነሽ፣ እርስዎ የሚመሰክሩት የለዎትም እንዴ?" ሲለኝ፣ እኔም "የለኝም" ስለው ቆይቻለሁ። ነበረኝ። ግን ነገሬን ለሰው ቶሎ የምሰጥ ሴት አይደለሁም። አንዴ ሰጥቼ ምን እንደተደረገበት አይቻለሁ። እሱንም እነግራችኋለሁ። ዛሬ አንጀቴ ውስጥ አስቀርቼ የምቀመጠው ነገር የለም።

ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። እዚህ ሐርጌሳ፣ በሙስሊሞች አገር ተደብቀን ስለምናመልክ፣ እልልታችን በትንፋሽ ነው፣ ጭብጨባችንም ጭናችን ላይ ነው። አንዳንዶቻችሁ ይሄ ይከፋችኋል። "አገራችን ብንሆን ጣሪያው እስኪነሳ እናመሰግን ነበር" ስትሉ እሰማለሁ። እኔን ግን ጌታ ያዳነኝ በዚህ ዝግታ ውስጥ ነው። ጣሪያ በሚነሳበት ቤት ውስጥ ሞቼ ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን!

ደግሞ "ዘጊዋ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ እህቶች፣ አውቃለሁ። ልብስ ልታሰፉ ሼክ ኑር ሰፈር ድረስ መጥታችሁ፣ በሬን መትታችሁ፣ እቤት እያለሁ ስላልከፈትኩ ነው ስሙን ያወጣችሁልኝ። "ኩራተኛ ናት" ያለችም አለች። የት እንደተቀመጠች አላሳያችሁም። ለምን እንዳልከፈትኩ ግን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

እናቴ የጨርጨር ልጅ ነበረች። በጠላት ጊዜ ትንሽ ልጅ ናት። አባቷ፣ የእኔ አያት ማለት ነው፣ ለአርበኞች እህል ያቀብላል ተብሎ ይፈለግ ነበር። ቀን ቀን ገደል ለገደል ይውላል፣ አንዳንዴ ብቻ እቤቱ ያድራል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ሁሉም ዝም አለ። ከውጭ "እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ" የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ ድምፁን አወቀችው። የክርስትና አባቷ ነበር። ሲመጣ ማር የማይለየው፣ ጀርባው ላይ አዝሎ የሚያጫውታት ሰው። ደስ ብሏት ብድግ አለችና መወርወሪያውን አነሳች።

ሰውየው ብቻውን አልነበረም። ባንዳዎች ይዘውት፣ ወይም እሱ ይዟቸው መጥቶ ነበር። የትኛው እንደሆነ እናቴ እስክትሞት አላወቀችም። አያቴን ከመኝታው አንስተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፣ መቃብሩም አይታወቅም።

ቅዱሳን፣ የገዛ እናቷ ምን አለቻት መሰላችሁ? "አንቺ ነሽ የከፈትሽው" አለቻት። ለዚያች ለትንሿ ልጅ! ሰፈሩም ተቀብሎ ዘፈነው። "ያቺ በር ከፋቿ" እያሉ አሳደጓት።

እናቴ ትልቅ ሰው ሆና፣ አግብታ፣ እኔን ወልዳ እንኳ በር በተመታ ቁጥር እሳቱን በአመድ ታዳፍናለች፣ ጥግ ይዛኝ ትቀመጣለች፣ አንድ እጇን በራሷ አፍ፣ ሌላውን በእኔ አፍ ላይ ታደርጋለች። እንግዳው እስኪሄድ አንተነፍስም። ዘመዶቻችን ልማዷን ስላወቁ በጓሮ ዞረው ነበር የሚገቡት። እኔ ጣሊያን አይቼ አላውቅም። ባንዳም አይቼ አላውቅም። ግን በር ሲመታ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ደረቴን ሰው የቆመበት ይመስለኛል፣ እጄ ሳላዘው ሄዶ አፌን ይይዛል። እናቴ ያወረሰችኝ ይሄንን ነው። ሌላ ውርስ አልነበራትም።

ድሬዳዋ ያገባሁት ባለቤቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ደግ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሲያንኳኳ እሱ ነበር የሚከፍተው። እኔን "አንቺ ቁጭ በይ፣ በሩ የእኔ ሥራ ነው" ይለኝ ነበር። ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ አልነገርኩትምም። ታሞ ሲሞት በሩ ሰው አጣ። እኔና ልጄ ሰናይት ብቻ ቀረን።

ጌታን የነገረችኝ የባለቤቴ እህት አስናቀች ናት። ይሄንን አልክድባትም፣ እውነት ነው። የሴቶች ጸሎት መሪ ነበረች፣ አንደበቷ የተባለለት። ቤቷ ወሰደችኝ። ግድግዳዋ ላይ ጌታ በር ቆሞ ሲያንኳኳ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በየአማኙ ቤት አለ። ሥዕሉን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። እሷም አየችኝ።

"ምነው? ጌታን ስታዪ ምን ሆንሽ?" አለች።

"በር ሲያንኳኩ አልወድም" አልኳት።

"ጌታም ቢሆን?"

"ማንም ቢሆን።"

ያኔ ነው የተሳሳትኩት። እህቴ ናት ብዬ፣ እጄን ይዛኝ ስለነበር፣ የእናቴን ታሪክ ነገርኳት። ያቺን ልጅ፣ መወርወሪያውን፣ ሁሉንም። አለቀሰች። አቀፈችኝ። በሚቀጥለው እሁድ ታሪኬ መድረክ ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል፣ "በመካከላችን ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ እርግማን ያለባት ሴት አለች" ብሎ ወደ ፊት አወጣኝ።

ከበቡኝ። ጮኹብኝ። አንዱ ዘይት ያፈሳል፣ አንዱ ራሴን ይጫናል። ሽማግሌው ደግሞ የእንጨት አግዳሚውን በመዳፉ እየመታ "ክፈቺ! ክፈቺ! ልብሽን ክፈቺ!" ይላል። ቅዱሳን፣ በር በመመታት ልቧ የሚጠፋን ሴት እንጨት እየመቱ "ክፈቺ" አሏት! እጄ ሄዶ አፌን ያዘ። ይሄኔ አስናቀች ከኋላ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አያችሁ! አፏን ያዘው! ዲዳ መንፈስ ነው!"

ወደቅኩ። ሲያነሱኝ "ሊወጣ ነው" አሉ። ምንም አልወጣም፤ የሚወጣ ነገርም አልነበረም። አንዲት የፈራች ሴት ብቻ ነበረች። ሲደክማቸው "ደብቀሻል፣ ስለዚህ አልለቀቀሽም" ብለው ትተውኝ ሄዱ። የደበቅኩት ምን ነበር? ያለኝን ሁሉ ለአስናቀች ሰጥቻት!

ከዚያ ልጄን ወሰደቻት። "እርግማኑ እንዳይወርድባት እኔ ጋ ትደግ። አንቺ ስትፈወሺ ትወስጃታለሽ" አለች። ሽማግሌዎቹም ደገፏት። ባል የሞተባት፣ ርኩስ መንፈስ አለባት የተባለች ሴት ቃሏ የት ይሰማል? ሰናይት ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ ነበረች፤ የተማሪ ቦርሳዋን አንግባ ሄደች።

አንድ ቀን ከሰዓት በር ተመታ። እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የልጄ ድምፅ ነው። ሰው "የልጅሽን ድምፅ ሰምተሽ እንዴት አትከፍቺም?" ይለኛል። አያውቁም። እናቴን ያጠፋት ያልታወቀ ድምፅ አልነበረም፤ የታወቀና የተወደደ ድምፅ ነው። በወደድኩት ድምፅ ሲጠሩኝ ይብስብኛል። ጉልበቴ ከመሬት አልላቀቅ አለኝ። በቆርቆሮው በኩል አስናቀች "ነይ ልጄ፣ እንሂድ። እናትሽ አልፈለገችሽም" ስትላት ሰማሁ። ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። እጄ አፌ ላይ ስለነበር መልስ አልሰጠሁም።

ከእናንተ መካከል ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ አለ። ለአስናቀች ይንገራት። ሰምታሽ ነበር ይበላት።

ከዚያ በኋላ ድሬዳዋን ማየት አልቻልኩም። ሐርጌሳ ግንበኛና አናጢ እየፈለገች ነው ሲባል፣ የግንበኞች ልብስ የሚያጥብና የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ብዬ፣ ስፌት መኪናዬን በጨርቅ ጠቅልዬ በጅጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ አድርጌ መጣሁ። ያኔ ይቺን ከተማ ያያችኋት ታስታውሳላችሁ። ቤቱ ሁሉ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የለም፤ ሰማይ በሳሎን በኩል ይታያል። ሰዉም ከስደት እየተመለሰ በየግቢው ቆርቆሮ ይመታል። ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ፣ መዶሻ! በር መመታት ሽሽት መዶሻ አገር ገባሁ። ጌታ ይስቃል እንዴ አልኩ።

ሼክ ኑር ከዘይነባ ጋር አንድ ግቢ ተከራየን። ዘይነባ የወሎ ሙስሊም ናት፣ ዋሄን ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። የግቢው በር ሲመታ እኔ ስደበቅ እሷ ትከፍታለች። በሳምንቱ ገባት።

"ወላሂ ጥሩነሽ፣ እኔ ዘበኛ ሆኜ የተቀጠርኩ አልመሰለኝም ነበር" አለችኝ።

"ዝም ብለሽ ክፈቺ።"

"እከፍታለሁ። ደመወዜን ግን ፈጣሪሽ ይክፈለኝ፣ አንቺስ እንደማትከፍዪ ታየኝ።"

ስቄ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ሳቅኩ። መንፈስ አለብሽ አላለችኝም። ስሟን የምጠራው ለዚህ ነው። አማኝ ነኝ የምትለዋ ልጄን ወሰደችብኝ፣ ሙስሊሟ በሬን ከፈተችልኝ። ይሄንን ስናገር ፊታችሁን የምታጠቁሩ ካላችሁ አጥቁሩት።

አንድ ቀን ዋሄን ውስጥ ክር ልገዛ ስሄድ፣ ጋሪ የሚገፋ ተሸካሚ መንገድ እንዲለቁለት የሱቁን ቆርቆሮ በዱላ ደበደበው። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ዘይነባ ገበያ መካከል ወድቄ አግኝታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሶማሌ ነው፣ በኢትዮጵያ የስደተኞች ካምፕ ስለኖረ አማርኛ ያውቃል። "እርስዎ" የምትለውን ብቻ አልተማራትም፣ አልተቀየምኩትም። ደረቴን አዳመጠ፣ ቼክ አፕ አደረገኝ።

"እናቴ፣ ልብሽ ደህና ነው" አለኝ። "ምንድን ነው የምትፈሪው?"

"አልነግርህም" አልኩት።

አልተቆጣም። ወንበሩን ሳብ አደረገና፣ "እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። እዚህ ከተማ ላይ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል እኔ ነበርኩ። ልጄ የተወለደው ካምፕ ነው፣ ቦምብ አያውቅም። ግን አውሮፕላን ሲያልፍ አልጋ ስር ይገባል። ማን አስተማረው? እኔ ነኝ። አንድ ቃል ሳልናገር፣ በፊቴ ነው ያስተማርኩት።"

እንባዬ መጣ። ለካ እርግማን ሳይሆን ትምህርት ነበር! እናቴ በእጇ ነው ያስተማረችኝ። የተማሩትን ደግሞ ሌላ መማር ይቻላል። ስሙ ይባረክ!

"ልጄን የማስደርገውን አንቺም አድርጊ" አለኝ። "ሲመጣብሽ ጫማሽን አውልቂና መሬቱን ርገጪ። ትንፋሽሽን ሻይ እንደምታቀዘቅዥ አድርገሽ ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ረጅም። ቀዝቃዛ ውሃ ካለ እጅሽን ንከሪ። ዓይንሽ ያየውን ጥሪ፤ ይሄ ባልዲ ነው፣ ይሄ ክር ነው። ከዚያ 'ይሄ የማን ዘመን ነው?' ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፣ እናቴ። ዘመኑ ነው ያለፈው።"

ቅዱሳን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄንን ይዤ ሄጄ ሞከርኩ፤ ረዳኝ። መውደቅ ተውኩ። ግን በሩን መክፈት አልቻልኩም። እግሬ መሬት ይረግጣል፣ እጄ ወደ መቀርቀሪያው አይሄድም። ከትንፋሽም ከውሃም በታች አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። "አንቺ ነሽ የከፈትሽው" የምትለው ቃል ናት። እሷን የሚያነሳ ሐኪም አልነበረም።

ወንድም ታደለ ያኔ ግንበኛ ነው፣ ሱሪውን እጠግንለት ነበር። አንድ ቀን "እማማ፣ አርብ አርብ መሐመድ ሞጌ ሰፈር እንጸልያለን፣ ይምጡ" አለኝ።

"ትጮኻላችሁ?" አልኩት።

"ኧረ እማማ፣ ብንጮህ በነጋታው ግቢውን እንለቃለን።"

"ስገባ አንኳኪ ትሉኛላችሁ?"

"ማንኳኳት ክልክል ነው። ጎረቤት ዞሮ እንዳያይ በሩ ስር ድንጋይ እናደርጋለን፣ ገፋ አድርገው ይገባሉ።"

"እንግዲያው እመጣለሁ" አልኩት። እሱ ይሄንን እንደ ቀልድ ነበር የሚያወራው። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚገባበት ቤት ገባሁ። እዚያ ከኋላ፣ አሁን ጀሪካኑ ያለበት ጥግ ተቀመጥኩ። ማንም አልነካኝም። "ምን አለብሽ?" ያለኝም የለም።

የዚያን ቀን ታደለ ያነበበው ስለ ደቀ መዛሙርቱ ነበር። ጌታ ከተሰቀለ በኋላ ሰው ፈርተው በር ዘግተው ተቀምጠዋል። እኔ "አሁን ያንኳኳባቸዋል" ብዬ እጄን ወደ አፌ አነሳሁ። ጌታ ግን አላንኳኳም! በሩ እንደተዘጋ፣ መቀርቀሪያው እንዳለ፣ መጣና በመካከላቸው ቆመ። "ለምን ዘጋችሁ?" አላላቸውም። ሰላም ነው ያላቸው። ደግሞም የተወጋውን እጁን አሳያቸው።

ወገኖቼ፣ በዚያ ቤት ማንም ልጅ ተነስታ መወርወሪያ አላነሳችም። ማንም ከፋች አልነበረም። ስለዚህ ማንም "አንቺ ነሽ የከፈትሽው" ሊባል አይችልም! እኔ ሴትዮዋ ሁሌ በር ላይ ቆሞ የሚደበድበኝ፣ ካልከፈትኩለት ጥሎኝ የሚሄድ ጌታ ነበር የተሰበከልኝ። እሱ ግን ድሮ ገብቶ ኖሯል። ጨርጨር፣ በዚያ ጎጆ ውስጥ፣ ከዚያች ልጅ ጋር። ድሬዳዋ፣ እጄ አፌ ላይ ሆኖ ጥግ ስቀመጥ፣ ከእኔ ጋር። እኔ ስደበቅ እሱ አጠገቤ ተደብቆ ነበር። ሃሌ ሉያ! ቀስ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጎረቤት አለ።

ያን ቀን አፌን የያዘው እጄ ወረደ። በትንፋሽ "ጌታ ሆይ፣ የእኔ ነህ" አልኩት። አስናቀች ቤት ስሙን ሰምቼ ነበር፤ እሱን ያገኘሁት ግን እዚህ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ነው።

ከዚያስ? ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተለወጠ የሚል ምስክርነት ሰምቻለሁ፣ እሰየው ነው። የእኔ እንደዚያ አልሆነም። ጌታ ልቤን ነካ፣ እጄን ደግሞ ማስተማር ነበረብኝ። ለዘይነባ ነገርኳት። "ነይ እንለማመድ" አለችና ወጥታ በሩን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች።

"እኔ ነኝ፣ ዘይነባ!"

"ስምሽን አትጥሪ! ይብስብኛል!"

"ምን ልበል ታዲያ? ባንዳ ነኝ ልበል?"

ውጭ እሷ ትስቃለች፣ ውስጥ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ እስቃለሁ። ቆይታ ቁምነገር ተናገረች። "እናትሽን የጎዳት ማን ነህ ብላ አለመጠየቋ አይደለም፣ ማንነቱንማ አውቃዋለች። ከማን ጋር ነህ ብላ አልጠየቀችም። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? አንቺ ግን ትልቅ ሴት ነሽ፣ ጠይቂ።" ከዚያ በቆርቆሮው ላይ ምስማር የነቀሉበትን ቀዳዳ አሳየችኝ፤ ለዓይኔ ልክ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተማርኩ። እግሬን መሬት ላይ አደርጋለሁ። ትንፋሼን አወጣለሁ። "ይሄ የእናቴ ዘመን አይደለም፣ ጌታም ውስጥ ነው" እላለሁ። በቀዳዳው አያለሁ። "ከማን ጋር ነህ?" ብዬ እጠይቃለሁ። እከፍታለሁ። አስር ጊዜ ከሞከርኩት ብዙው ከሸፈብኝ፤ እሷ ግን አልሰለቸችም።

ከዚያ ዘይነባን ልጇ በርበራ ወደብ ሥራ አገኘና ወሰዳት። ስትሄድ "በሩን ለአላህና ለአንቺ ትቼዋለሁ" አለችኝ። ግቢው ጭር አለ። ስፌት መኪናዬ ብቻ ነው የሚያወራው። እናንተም አርብ አርብ ሰላም ትሉኝና ትበተናላችሁ። ቅሬታ አይደለም፣ የሆነውን ነው የምናገረው።

በዚህ መካከል ነው ዋሄን የስልክ ቤቱ ሰው "ከኢትዮጵያ ይፈልጉሻል" ያለኝ። ሰናይት ነበረች። ድምፅዋ የትልቅ ሴት ሆኗል። ሾፌር አግብታለች፣ ባሏ ወደ በርበራ ሲያልፍ አብራው መጥታ ልታየኝ ትፈልጋለች።

"እማዬ፣ አክስቴ 'አትልፊ፣ አትከፍትልሽም' አለችኝ" አለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"አንድ ጊዜ አንኳኩቻለሁ። ሁለተኛም አንኳኳለሁ። ሦስተኛ የለም፣ እማዬ። አልችልም።"

"ነይ" አልኳት።

የምትመጣ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ባዶ እግሬን ቁጭ አልኩ። ጎረቤት አናጢዎች ጣሪያ እያለበሱ ነበር። መዶሻ፣ መዶሻ! ሄጄ ዛሬ ብቻ አቁሙልኝ ልላቸው አሰብኩ፤ ምን ብዬ? የውሃ ባልዲ አጠገቤ አድርጌ እጄን እየነከርኩ ጠበቅኩ። በሩን ከፍቼ ድንጋይ ለምን አላደረግሽበትም ትሉኝ ይሆናል። አስቤው ነበር። ግን ልጄ ያለፈው ጊዜ ያንኳኳችው የተዘጋ በር ነው፤ እናቷ ያንኑ በር ስትከፍትላት ማየት አለባት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በመዶሻው መካከል ሌላ ምት ሰማሁ። ዝቅ ያለ። የእኔ በር።

እጄ ወደ አፌ መጣ። "ይሄ ባልዲ ነው" አልኩ። "ይሄ መኪናዬ ነው። ይሄ ሐርጌሳ ነው።" ትንፋሼን አወጣሁ። ሁለተኛ ተመታ። ተነሳሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ከውስጥ ነህ፣ ውጭ ያለችው ልጄ ናት አልኩ። ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። በቀዳዳው ሳይ ነጠላ ብቻ ታየኝ።

"ማን ነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

የተወደደ ድምፅ!

"ከማን ጋር ነሽ?"

ከዚያ ድምፅዋ ተሰብሮ መጣ። "ብቻዬን ነኝ።"

"እኔም" አልኩና መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ከፈትኩ፣ ቅዱሳን! ከእናቴ ወዲህ በቤታችን ለሚወደድ ድምፅ በር የከፈተ ሰው የለም! እኔ ከፈትኩ፣ ማንም አልተወሰደም! ልጄ ናት የገባችው! ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

ምሳ ቀርቦ ሳለ ከጎረቤት ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ተንሸራቶ ወደቀ። ቀና ስል የሰናይት እጅ አፏ ላይ ነው። ዓይኗ ፈጥጦ፣ ሳትተነፍስ። እኔ ያላሳደግኳት ልጅ! ከእርግማን ላድናት ብላ አስናቀች የወሰደቻት ልጅ የእናቴን እጅ ይዛ መጣች። ለካ እዚያም ስትፈራ ኖራለች፤ ጸሎት ሲጮኽ ሽንት ቤት ገብታ ነበር የምትቆየው። አንድ ሰው እንኳ አላወቀላትም።

ጫማዋን አወለቅኩላት። "መሬቱን ርገጪ፣ ልጄ። እንደ ሻይ ተንፍሺ። የሚታይሽን ንገሪኝ" አልኳት።

"ባልዲ" አለች። "የስፌት መኪና። ያንቺ ነጠላ።"

"ይሄ የማን ዘመን ነው?"

"የእኛ" አለች። እጇ ወረደ።

በነጋታው ባሏ ሊወስዳት መጣ፣ ሄደች። በመኪናው መስኮት እጇን ታወዛውዝ ነበር፣ አፏን የሚይዘውን ያንኑ እጇን። ትደውላለች። ሩቅ ናት፣ ግን ትደውላለች።

አስናቀችንና ሽማግሌውን ይቅር ብያለሁ። ጌታ ስላለኝ ነው። ረሳሁ ግን አላልኩም፤ መርሳት አልታዘዝኩም።

አሁን ልቀመጥ ነው። እዚህ መካከል ልቡ ያለምክንያት የሚደነግጥ፣ "ምን አለብህ?" እንዳይሉት የሚደበቅ ሰው ካለ፣ ስማኝ። እርግማን የለብህም። የሆነ ሰው በፊቱ ወይም በእጁ አስተምሮሃል፣ እሱንም ሌላ ሰው አስተምሮታል። ጌታ በርህን አይደበድብም። ተዘግቶም ይገባል፣ ገብቶም ሰላም ይላል። እመነው። እጅህን ደግሞ ቀስ ብሎ ያስተምርሃል፤ በሐኪምም በጎረቤትም ያስተምራል፣ አትናቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። መክፈት ከተማርኩ ወዲህ ከልጄ በቀር በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። አልፈርድባችሁም፣ አትከፍትም ብላችሁ ለምዳችኋል። ዘይነባም ሄዳለች። እኔ ግን አሁን ከሰዓት ከሰዓት ባዶ እግሬን ተቀምጬ እየሰማሁ ነው። ሼክ ኑር ሩቅ አይደለም። ኑ፣ አንኳኩ። ትንሽ እቆያለሁ፣ ማን ነው እላለሁ፣ ከማን ጋር ነህ እላለሁ፣ አትቀየሙኝ። ብቻዬን ነኝ በሉኝ። እከፍታለሁ።